የዓርብ ቀን ቀይ ወጥ በጦር ሰፈር

ዓርብ ጠዋት ብስራተ ገብርኤል ካለው ቤቴ የወጣሁት ለሥራ ነበር። ነፋስ ስልክ አካባቢ ያለ አንድ ጦር ሰፈር ወታደሮቹ በምግቡ አቤት ስላሉ፣ የጤና መሥሪያ ቤታችን ወጡንም መስተንግዶውንም ቀምሼና አይቼ እንድመጣ ላከኝ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ስለነበር በአንድ እግሬ ቆሜ ተጓዝኩ። ሌላውን እግሬን ማን እንደተሸከመልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከወረድኩ በኋላ ጭቃውን እየዘለልኩ ሰፈሩ ደረስኩ።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ዋናው ወጥ ሠሪ ሃምሳ አለቃ ደጀኔ፣ የተተኮሰ ሽርጥ ታጥቆ ጠበቀኝ። ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«እህቴ፣ አደራሽን። ሻምበሉ ዛሬ ምግቡ ከተነቀፈ ጠመንጃ አስይዤ ሰሜን እልክሃለሁ ብሎኛል። ባለቤቴ ደግሞ ወሯ ገብቷል።»

«ታዲያ ምን ሠራህ?»

«ላንቺ ብዬ በግ አሳረድኩ።»

እኔ ግን ዓርብ እጾማለሁ። ይህን መናገር ደግሞ ጣጣ አለው፤ በቀደም አንድ ባልደረባዬ ምሳ ላይ ሲያማትብ ታይቶ በውይይት ክበብ ሂስ ሲዘንብበት ውሏል።

ምሳ

አዳራሹ ተጠራርጎ ያበራል። አስተናጋጁ ወታደር ሻምበሉ ሲገባ ጭልፋውን እንደያዘ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠና ወጡን በገዛ ግንባሩ ላይ ደፋው። «በመስተንግዶ በኩል ጉድለት የለም» አለኝ ሻምበሉ ኮስተር ብሎ።

ወታደሮቹ ሰሃናቸውን እስኪልሱ በሉ። እኔ ሥጋውን ወዲያና ወዲህ አንከባልላለሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሻምበልም ጉርሻውን ወደ አፉ ያስጠጋና ወሬ ሲመጣበት መልሶ ያኖረዋል። ደጀኔ በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

በመጨረሻ ሻምበሉ ሰሃኔን አየ። «ጓዲት አስካለ፣ አልነካሽውም። ወጡ አይረባም ማለት ነው።»

«ወታደሮቹ ወደውታል እኮ።»

«ወታደር ምኑን ይጠላል? ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።» ወደ በሩ ዞረ። «ሃምሳ አለቃ፣ ጓዝህን ሸክፍ!»

የደጀኔ ፊት አመድ መሰለ። አንጀቴን በላው።

«ጓድ ሻምበል፣ ወጡን አልቀመስኩትም» አልኩ። «ዛሬ ዓርብ ነው። እጾማለሁ።»

ሻምበሉ ግራና ቀኙን አየና ጎንበስ አለ። «ቀስ ብለሽ አውሪ» አለኝ። የሱም ሰሃን እንደቀረበ ነው። ደጀኔን በጣቱ ጠራው።

«አንተ ራስህ ዛሬ ምን በላህ?»

«ሽሮ፣ ጓድ ሻምበል።»

«ተርፏል?»

ጓዳ ገብተን፣ በሩን ዘግተን፣ ሦስታችን ከአንድ ትሪ በላን። ሻምበሉ እጁን እየታጠበ፣ «ያንተ ነገር ግን ሰኞ ከመሥሪያ ቤቷ በሚመጣው ቃል ይወሰናል» አለው።

መልስ

ስወጣ ደጀኔ ቀይ ወጡን በሳህን ከድኖ በጨርቅ ቋጠረልኝ። «ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቀምሰሽ ፍረጂ» አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሽታው ሰውን ሁሉ ወደ እኔ አዞረው። የፈራሁት ሰው ከእኔ የባሰ ፈሪ ሆኖ ማግኘቴ እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን አሳቀኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጡን አሙቄ ቀመስኩት። ጨው በዝቶበታል፤ አንድ እንስራ ውኃ ያስጠጣል።

ሰኞ አለቃዬ «እህ፣ እንዴት ነው?» ሲለኝ «እንከን የለውም» አልኩ። ጨው ነገም ይቀነሳል፤ ሰሜን የሄደን ሰው መመለስ ግን በእጄ አልነበረም።