ያልሠራ ማሽን ድካም

የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋን ነርስ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሲስተር ቁልፌ ይሏታል። የቁልፎቿ ሰንሰለት ከወገቧ አይለይም፤ ከኮሪደሩ ጫፍ ሲንቃጨል ተማሪ ነርሶች ስልካቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ባሏ በሕይወት ሳለ "የእኔ ሚስት ስትቀበር መቃብሩን ከውስጥ ትቆልፈዋለች" እያለ ጎረቤት ያስቅባት ነበር። እሷ አትስቅም።

መቆለፍ የጀመረችው ወዳ አይደለም። ገና ወጣት ነርስ ሳለች አንድ ሰው ከቀዶ ሕክምና ክፍል መጥቶ ሳክሽኑን፣ ከሕመምተኛ ጉሮሮ አክታና ትውከት የሚመጠውን ማሽን፣ ለአንድ አፍታ ብሎ ወሰደው። አፍታው ሳያልቅ አንድ ሕፃን ትን ብሎት እጇ ላይ አለፈ። ማሽኑ ሲመለስ የመምጠጫ ጎማው ተቀዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱን ማሽን አልጋዎቹ አጠገብ ታቆማለች፤ አንዱን ከአንሶላ መደርደሪያው ጀርባ ትቆልፍበታለች። ሌላውም ክፍል እንዲሁ ነው። በዚያ ሆስፒታል መደበቅ ጥንቃቄ እንጂ ሌብነት አይባልም።

አዲሱ አስተዳደር ሲመጣ በየማሽኑ ላይ የጠርሙስ ክዳን የምታህል ነጭ ነገር በፕላስቲክ ማሰሪያ አሳሰረ። ነገሯ ማሽኑ ያለበትን ቦታ ለኮምፒውተር ትናገራለች። ሠራተኛው ሰላይ ብሎ ሰየማት። የሰላዮቹን ወሬ የሚሰበስበው ምድር ቤት፣ ትልቅ ስክሪን ፊት የሚቀመጥ ወጣት ነበር። ባለ ስክሪኑ ይሉታል። ጨዋ ነው፤ ለጽዳት ሠራተኛም ከወንበሩ ይነሳል። ያወጣው ደንብ ግን ጨዋነት አያውቅም፦ ወር ሙሉ ካለበት ያልተነቃነቀ ማሽን ትርፍ ነውና ለሌላ ክፍል ይሰጣል።

ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ሳክሽን በስክሪኑ ላይ ቀይ ሆነ። ሲስተር ቁልፌ ወርዳ መጠባበቂያ መሆኑን፣ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ትን ቢለው የሚያስፈልግ መሆኑን አስረዳችው። ባለ ስክሪኑ አክብሮ አዳመጣትና ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ እንደሆነ ጠየቃት። አልደረሰም ነበር። አልደረሰም ማለት አይደርስም ማለት እንዳልሆነ ልትነግረው ስትጀምር ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ተመልሷል።

በማግስቱ ሰላዩን ፈትታ ምግብ አመላላሿ ከምትገፋው ጋሪ ሥር አሰረችው። ጋሪው ቁርስ፣ ምሳና እራት ጭኖ ሆስፒታሉን ሲዞር፣ ሳክሽኑም በስክሪኑ ላይ አብሮ ዞረ። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ።

ወሩ ሲያልቅ ስብሰባ ተጠራ። ባለ ስክሪኑ ሰንጠረዡን ዘረጋና የሕፃናት ክፍል ማሽኑን ከሁሉም ክፍሎች ጋር በመጋራት አንደኛ መውጣቱን አበሰረ። ዳይሬክተሩ አስጨበጨበላት፤ ፎቶዋ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዕድሜዋን በሙሉ ስትቆልፍ የኖረች ሴት በለጋስነት ተሸለመች። የሌሎች ክፍል ኃላፊዎችም አጨበጨቡላት፤ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቁ ነበር። የሚስቁት ለምን እንደሆነ ያን ቀን አልገባትም።

ብዙም ሳይቆይ ባለ መፍቻው መጣ። የሆስፒታሉ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ አብረው ነው ያረጁት። ከባለ ስክሪኑ የተላከ ወረቀት ይዟል። የሕፃናት ክፍል ሳክሽን ከመጠን በላይ ስለሠራ ተነስቶ ጓሮ ወዳለው ኮንቴይነር ይግባና ይመርመር ይላል። ማሽኑን ከመደርደሪያው ጀርባ ጎትቶ አወጣው። የፋብሪካው ላስቲክ ከእጀታው አልተላጠም።

"ሲስተር፣ ይሄ እኮ ሙሽራ ነው" አላት። "ሰላዩስ የታለ?"

"ምሳ እያደለ ነው።"

ባለ መፍቻው እስኪያስለው ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ወረቀቱን አሳያት።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይሄ ወረቀት ማሽኑ ሸምግሏል ይላል። ውረጂና እውነቱን ንገሪው፤ እኔ እዚሁ እተወዋለሁ።"

ጡረታዋ ደርሷል። ፎቶው መግቢያው ላይ ነው፤ ልጇ በስልኳ አንስታ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ልካዋለች። ያን ፎቶ በገዛ አፏ ማውረድ አቃታት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ነገሩ፣ "ውሰደው" አለችው። ሐሳቧን ትቀይር እንደሆነ ትንሽ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ማሽኑን እየገፋ ሄደ።

የፈራችው ነገር የመጣው ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ በምሳ ሰዓት ነው። የቀረው አንድ ሳክሽን የአንዲት ሕፃን ጉሮሮ እያጸዳ ሳለ፣ በሩ አጠገብ የተኛው ልጅ አስመለሰና ትን አለው። ረዳቷ የሆነችው ነርስ ልጁን በጎኑ አስተኝታ በጣቷ ትጠርግለት ጀመር። እናቱ እግሩን ይዛለች። ሲስተር ቁልፌ ወደ ምድር ቤት ደውላ ቅርብ ያለው ሳክሽን የት እንደሆነ ጠየቀች። ባለ ስክሪኑ ለመመለስ አልዘገየም።

"በራችሁ ላይ ናቸው፣ ሲስተር። ብዙ ናቸው።"

ሮጣ ወጣች። በሩ ላይ የቆመው የምግቡ ጋሪ ነው። ጎንበስ ብላ አየች። ነጫጭ ሰላዮች በጋሪው ሥር እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለዋል።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሲስተርዬ?" አለች ምግብ አመላላሿ። "ያንቺን አይተው የየክፍሉ ኃላፊዎች መጥተው አሰሩብኝ። ለጋሪው መስሎኝ።"

ውሻ በቀደደው ጅብ ገብቶ ነበር። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሳክሽን ተለምኖ፣ የተቆለፈበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ተፈልጎ፣ ማሽኑ እስኪመጣ ልጁ አለፈ።

እናቲቱ የልጇን ልብስ ታቅፋ ስትወጣ መግቢያው ላይ ቆም አለች። ፎቶውን አየች፤ ከሥሩ "ማሽን በመጋራት አንደኛ" ተብሎ የተጻፈውን አነበበች። ሲስተር ቁልፌ ከደረጃው ላይ ሆና አየቻት። እናቲቱ ወደ በሩ ዞራ ሄደች።

ያኔ መቀስ አነሳች። ሰላዮቹን ከጋሪው አንድ በአንድ ቆርጣ በሽርጧ አቅፋ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ ባለ ስክሪኑ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። ወጣቱ እንደ ልማዱ ተነሳላት፤ ዓይኑ ግን ከስክሪኑ አልተነሳም።

"ማሽኖቹ ሁሉ እዚህ ክፍል ናቸው ይላል" አለ ግራ ገብቶት።

"እንግዲያው አንድ ሳክሽን ስጠኝ፣ ልጄ።"

ጠረጴዛውን አየ። ከዚያ እሷን አየ። መጀመሪያ ያሰረችው እሷ መሆኗን ነገረችው፤ ሊቀመጥ ወንበሩን በእጁ ፈለገ።

ፎቶው ወረደ፤ ምስማሩ ቀረ። ከኃላፊነቷ ተነስታ ጡረታዋን አንሶላ ቤት ሆና እንድትጠብቅ ተወሰነ። ሰላዮቹ በማይላቀቅ ሙጫ ተለጠፉ፤ ደንቡ እንዳለ ነው። ባለ መፍቻው ሳክሽኑን ከኮንቴይነሩ አውጥቶ መለሰ። ላስቲኩ አሁንም አልተላጠም።

በቦታዋ የተተካችው ያቺው ረዳቷ ነበረች። ርክክቡ ሲያልቅ ረዳቷ በሩን ገርበብ አደረገችና ማሽኑን ከአንሶላ መደርደሪያው ጀርባ እየገፋች አስገባችው።

"በሳምንት አንዴ ወጣ አድርጌ አዞረዋለሁ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። እጇንም ዘረጋች።

ሲስተር ቁልፌ ቁልፉን ከሰንሰለቷ ፈትታ ሰጠቻት።