በአገልግል የሄደ ማዘርቦርድ

የባሌን እህት እስካሁን ይቅር አላልኳትም። ምክንያቱ አንድ አገልግል እንጀራ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔን አያስቀኝም።

ሰበታ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረኝ። ቤት ይባል እንጂ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። የምኖረው በአንድ ኮምፒውተር ነበር፤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሠርግ ጥሪ አዘጋጃለሁ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ባሌ ሱሉልታ ግንባታ ላይ ይሠራ ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ተነስቶ መንገዱ ሲዘጋ እሱ እዚያው ቀረ፣ እኔ ከእህቱ ጋር አንድ ቤት ተዘጋብኝ። ከሁለታችን ማን እንደተጎዳ ለመናገር መማር አያስፈልግም።

ገበሬው መሬቴን አለ፣ መንግሥት ዕቅድ ነው አለ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ወታደር መጣ። ከቡራዩ የሚመጣው ወሬም ከእኛው አይሻልም ነበር። ገበሬው እውነት ነበረው፣ ይሄን አልክድም። ያን ሰሞን ግን የማንንም እውነት የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ከጎኔ ያለው ሱቅ በድንጋይ ተሰባብሮ ባደረ ማግስት አከራዬ መጣና «ዕቃሽን አውጪ፣ እኔ ኃላፊነት አልወስድም» አለኝ። ኪራዩን ሲወስድ ግን አንድም ቀን እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ዕቃዬ ያ ኮምፒውተር ነው። ፉሪ እናቴ ቤት ካደረስኩት እዚያ ሥራዬን እቀጥላለሁ። መንገድ ላይ ከጠፋ ወይም ከተበላሸ ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም፤ እጄን አጣጥፌ የባሌን እህት ፊት ሳይ መዋል ነው።

ታክሲ ስላልነበረ መሄድ የሚቻለው በእግር ብቻ ነበር። ደግሞ በዚያ ሰሞን «ሲፒዩ» የምንለውን ትልቅ የብረት ሳጥን ተሸክሞ መንገድ የወጣ ሰው ሁሉ ዘራፊ ነው። ጎረቤታችን የገዛ ሲፒዩውን በትከሻው አድርጎ ሲሄድ ወታደሮች «ከየት ዘርፈህ ነው?» ብለው ቀሙት። ደረሰኙን ቢያሳያቸው ደረሰኙንም ቀሙት። ስለዚህ ሳጥኑን ትቼ የሆድ ዕቃውን ብቻ ይዤ ለመሄድ ወሰንኩ።

ከሳጥኑ የወጣ ማዘርቦርድ፣ ያ ሁሉ ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ፣ የአራስ ልጅ ጠባይ አለው፤ እጅ አይበዛበትም፣ እርጥበት አይወድም። መጀመሪያ የመስኮቱን ብረት ነካሁ። በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ብረት ስንነካ ይወጣል፤ ካልወጣ እኛ ሳይሰማን እሱን ሊያቃጥለው ይችላል። በዚህ መሃል የባሌ እህት ብርድ ልብስ ታቅፋ መጣች።

«በዚህ ጠቅልዪው፣ ይሞቀዋል» አለች።

«እትዬ፣ ይሄማ ይገድለዋል።»

«ብርድ ልብስ ደግሞ ማንን ገድሎ ያውቃል?»

የብርድ ልብስ ሱፍ ያንኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያመጣ ላስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ከባዱን ማቀዝቀዣ ከነማራገቢያው ፈታሁት፤ መንገድ ላይ ሲወዛወዝ ቦርዱን ይሰነጥቃል። ሃርድ ዲስኩን ሲገዛ በመጣበት፣ ኤሌክትሪክ በሚከላከለው ግራጫ ከረጢት መልሼ ከተትኩት። ለማዘርቦርዱ እንዲህ ያለ ከረጢት ስላልነበረኝ በንጹሕ ወረቀት ጠቀለልኩት፣ ካርቶን ውስጥ አስገባሁት፣ ከታችም ከላይም የእንቁላል መደርደሪያ አደረግኩለት።

አገልግሉ የእሷ ሐሳብ ነው። ለቅሶ የሚሄድ ሰው አይነካም። ወታደሩም መንገድ የዘጋውም ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አገልግል የያዘች ሴት ሲያይ ዞር ይልላታል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እሷ ጥሩ ሐሳብ ስታመጣ ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ታናድደኛለች። ዕቃውን ከሥር፣ ደረቅ ዳቦ ከላይ ልናደርግ ተስማማን። እርጥበት ከነካው አለቀልኝ ብዬ አፌ እስኪደርቅ ነግሬያታለሁ።

ሰፈሩን አልፈን ስንወጣ አገልግሉ ጎኔን አሞቀኝ። ቆሜ ክዳኑን ከፈትኩት። ዳቦው የለም። ትኩስ እንጀራ ታጥፎ ተደርድሯል፣ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ።

«ምን አደረግሽ?»

«ታዲያ ለቅሶ ቤት ደረቅ ዳቦ ይዤ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ለቅሶ የለም እኮ!»

«ቢኖርስ?» አለችኝ።

መመለስ አይቻልም፣ እንጀራውንም አውጥቼ አልጥለው ነገር፣ ከሥሩ ያለው ይታያል። ንዴቴን ውጬ ሄድኩ። ወታደሮቹ እውነትም ሳያዩን አሳለፉን። ፉሪ ዳገት ላይ ስንደርስ ግን መንገዱ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ተዘግቷል። ወጣቶች ቆመዋል፣ ከነሱ ጋር ካፖርት የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ አሉ።

«ኤሳ ዴምቱ?» አለ አንዱ ወጣት። ቀጥሎ በአማርኛ ደገመው፦ «ወዴት ናችሁ?»

«ለቅሶ ነው ልጄ፣ እዚህ ፉሪ» አለች የባሌ እህት።

«ማን ሞቶ?»

ይሄን አልተዘጋጀንበትም። እሷ ግን ምን ገዷት። «የወንድሜ ልጅ» አለችና እንባዋን አወረደችው።

ያላት ወንድም ባሌ ብቻ ነው። የወንድሟ ልጅ ማለት የእኔ ልጅ ማለት ነው። ልጅ የለኝም። ስንት ዓመት ለምኜ፣ ስንት ጠበል ተጠምቄ ያልተሰጠኝን ልጅ መንገድ ላይ ገድላ አለቀሰችለት። በዚያች ደቂቃ አንቄ ብይዛት ደስ ባለኝ። አገልግሉን ማስቀመጫ ስላጣሁ ነው የተረፈችው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ያ በጥይት የተመታው ልጅ ነው? ትናንት የቀበርነው?»

«አዎ» አለች፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳታውቅ።

«ታዲያ ያዘነ ሰው ብቻውን ይሄዳል እንዴ? እኔ አደርሳችኋለሁ» ብለው አገልግሉን ከእጄ ወሰዱት።

«አባቴ፣ አንቱ አይድከሙ፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

«ሐዘንተኛ አይሸከምም» አሉኝ። አገልግሉን በማንገቻው አንጠልጥለው ዳገቱን ወጡ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበታቸው ጋር ይጋጫል። የእናቴን ቤት በር ከሩቅ እያየሁ አለፍኩት።

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ሴቶች ተቀበሉንና አገልግሉን ወደ ጓሮ ይዘውት ሄዱ። ተከትዬ ሮጥኩ። አንዷ እንጀራውን አንስታ ትሪ ላይ አደረገችው፣ የእንቁላል መደርደሪያውን አነሳች፣ ካርቶኑን ከፈተችው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዘላ ጮኸች። በዚያ ሰሞን በወረቀት የተጠቀለለ ሽቦና ብረት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦምብ። ሽማግሌው ደረሱ።

«ምንድነው ይሄ?»

«የምሠራበት ኮምፒውተር ነው። እንዳይቀሙን ብለን ነው ለቅሶ ያልነው» አልኩ።

«በሬሳ ቀለዳችሁብኝ?» አሉ። ዱላቸውን ጨበጡ። የባሌ እህት ያን ጊዜ ገና ከኋላዬ ተደበቀች።

ጥቁር የለበሰች ሴት በሰዎች መሃል አልፋ መጣች። ሁሉም መንገድ ሲለቁላት የሟች እናት መሆኗን አወቅኩ። አገልግሉ አጠገብ ተንበረከከች። የእንቁላል መደርደሪያውን ገለባበጠችው፣ ወረቀቱን ገልጣ ማዘርቦርዱን በጣቷ ነካችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አትንኪው ብዬ እጮህ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ለብረት ነው?» አለችኝ። ስድብ አልነበረም፣ ጥያቄ ነው።

«እርጥበት እንዳይነካው ነው» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። «ልጄ ሲወጣ ብርድ ነበር። ጃኬትህን ልበስ ልለው ብዬ እጄ ሊጥ ነበረና ተውኩት። በሸሚዝ ነው የሄደው።»

ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ በካርቶኑ ላይ የተንጠባጠበውን የእንፋሎት ውሃ ጠረገች፣ ወረቀቱን እንደነበረ መለሰች፣ ክዳኑን ገጠመች። ሽማግሌውን ቀና ብላ አይታ «ለቅሶ የመጡ ናቸው፤ ይቀመጡ» አለቻቸው። እሳቸውም ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ።

እስኪመሽ ተቀመጥን። እንጀራውን ለቀስተኛው በላው። የባሌ እህት ከልቧ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ለዚያ በሸሚዝ ለወጣው ልጅና ለዚያ ላልወለድኩት። ለማን እንደማለቅስ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ማዘርቦርዱ እናቴ ቤት ጥላ ላይ ሲደርቅ ሰነበተና በተዋስኩት ሳጥንና ስክሪን ስገጥመው ሠራ። የባሌ እህት እስከ ዛሬ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እንጀራው ታዲያ ምን አደረገው?» ትላለች። ፉሪ ጽሑፍ ለማስጻፍ የሚመጡ ሰዎች ደግሞ ያን ዕቃ በዚያ ሁሉ ረብሻ መሃል እንዴት አድርጌ እንዳተረፍኩት ይጠይቁኛል። «ጠቅልዬ» እላለሁ፤ መጨረሻ የጠቀለለችው የሟች እናት መሆኗን ግን አልነግራቸውም።