ከግንቡ ሥር የመጣ መርዶ

ጎንደሬ ነኝ፤ ግንብ አይገርመኝም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ለንደን፣ ክላፋም ውስጥ አንዲት ትንሽ የጣሊያን ምግብ ቤት ሥራ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ እያሳዩ ስለ አገራቸው ግንብ ቢነግሩኝ፣ "እኛም አገር ሞልቷል" ብዬ ሰላጣዬን መክተፌን ቀጠልኩ። አልተቀየሙም። "ያንቺን አገር ግንብ ማን ሠራው?" አሉኝ። "ማን ሊሠራው ኖሯል? እኛው ነና!" ፖርቱጋል ምናምን ማለት ሲጀምሩ ቢላዬን እንደያዝኩ ዞር አልኩባቸው፤ ሳቃቸውን ለቀቁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተዋደድን።

ጋሼ ነበር የምላቸው። ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ነበሩ። ከምግብ ቤቱ በላይ ባለችው ፍላት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ።

በፎቶው ላይ ያለው ግንብ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ፣ ኮረብታ አናት ላይ የተቀመጠ ነው። በቀይ ጡብ የተሠራ ነው፣ ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ አለው። ከሥሩ ጀምሮ እስከ ሸለቆው ድረስ በመስመር የተተከለ ወይን ይወርዳል። ጋሼ ያደጉት እዚያ ነው፤ አባታቸው ለግንቡ ጌታ ግማሽ እየሰጡ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። "ታዲያ ጭሰኛ ነበሩ በሉኛ!" ብላቸው ቃሉን አስደገሙኝ። ሳስረዳቸው "ልክ ነው፣ ጭሰኛ" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ግንቡ ምድር ቤት ያሉትን ትላልቅ በርሜሎች የሚያጥቡት እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ነበሩ፤ በትንሿ በር ሾልከው ይገቡና ከውስጥ ይፈቀፍቃሉ። ወጥተው ሲቆሙ በወይኑ ሽታ ብቻ ሰክረው ይንገዳገዱ ነበር አሉ። ለወይን የሚመረጠው መሬት በክረምት በረዶው ቀድሞ የሚቀልጥበት ጎን ነው፤ ፍሬው የሚለቀመው ደግሞ በጥቅምት፣ ጉሙ ሲወርድ። ይህን ሁሉ ሽንኩርት እየላጥን ነው ያስተማሩኝ።

በወጣትነታቸው ከአባታቸው ተጣልተው ለንደን መጡ። አባታቸው ሲሞቱ በእልህ ለቀብር ሳይሄዱ ቀሩ። ወንድማቸው ሣጥኑን በጎረቤት አሸክሞ አባቱን ብቻውን ቀበረና "ከእንግዲህ ወንድም የለኝም" ብሎ ላከባቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

እኔ ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ አንድ ሣጥን ወይን ጠጅ መጣ። የላከው ወንድማቸው ነው። ታሟል፣ አይድንም። ተደዋወሉ፤ እኔ ኩሽና ውስጥ ቆሜ እሰማለሁ። ጣሊያንኛ ባላውቅም ልቅሶ አውቃለሁ። ሲጨርሱ አንዱን ጠርሙስ ከፍተው ለእኔም ቀዱልኝ። ሽታው ጽጌረዳ ነው፤ ሲቀምሱት ግን ምላስ ይጨብጣል። "ውይ! ኮሶ ነው እንዴ?" አልኩ። "ገና ልጅ ነው፣ ብዙ ዓመት መተኛት አለበት" አሉኝ እየሳቁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ በሁለተኛው ብርጭቆ ወንድማቸው ያላቸውን ነገሩኝ። "አባታችንን ብቻዬን ቀበርኩት። እኔን ግን የምትሸከመኝ አንተ ነህ። ትመጣለህ?" እመጣለሁ ብለው ማሉለት። ወይኑ ሲለቀም ሄደው አጠገቡ ሊቀመጡ ቲኬት ቆረጡ። እስከዚያው እሁድ እሁድ ማታ ይደዋወሉ ጀመር።

ሊሄዱ አሥር ቀን ሲቀራቸው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ዓሣ ሊገዙ ወጥተው ሳለ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አባቷ ሌሊቱን ማረፉን ነገረችኝ። "ቀብሩ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ንገሪው፣ እንጠብቀዋለን።" እሺ የኔ እናት፣ እግዜር ያጥናሽ አልኳት።

ከዚያስ? ከዚያማ አልነገርኳቸውም።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በሥራ መሀል፣ ዓሣ እንደተንጠለጠለ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይያዛል፣ ማለዳ ከቤት ሳይወጡ ይነገራል። የእናቴን ሞት እኔንም ያረዱኝ በስምንተኛው ወር ነው፤ ካሌዶኒያን ሮድ በነበረችው ክፍሌ አሥር ሰው ሆነው መጥተው። አልተቀየምኳቸውም። ቀድሜ ብሰማስ ምን አመጣ ነበር? ስደተኛ ነኝ፤ ወረቀቴ ሁሉ ቦታ ቢወስደኝ አገሬ አያስገባኝም። ለእኛ መርዶ ማለት መስማትና ማልቀስ ነው፤ መሄድ የሚባል ነገር የለበትም። የወንድማቸውንም ቃል እኛ "አንተው ቅበረኝ" እንደምንባባለው፣ የፍቅር ንግግር አድርጌ ነው የያዝኩት። ቲኬቱ መደርደሪያው ላይ ተሰክቶ በየቀኑ እያየሁት፣ ጣሊያን በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት መንገድ መሆኑን እያወቅሁ፣ ሰውየው ዛሬውኑ ተነሥተው መሄድ ይችላሉ የሚል ሐሳብ ሽው አላለብኝም። ድድብና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እሁድ ጓደኞቼ ኦፍ ናቸው፣ እሁድ ማለዳ እናረዳቸዋለን ብዬ ወሰንኩ፤ ደግሞ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አርብ ሲያፏጩ ዋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ለወንድማቸው ሹራብ ሊገዙ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ሄድኩ። "ቁመቱ ያንቺን ያህላል፣ እስቲ ልኪልኝ" ብለው አንድ ሰማያዊ ሹራብ ሰጡኝ። ለበስኩት። ትከሻዬን እያስተካከሉ "በሽታው አክስቶት ይሆናል፣ ግን ይበቃዋል" አሉ፤ ከዚያ ፊቴን አይተው "በርዶሻል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ትንሽ አዎ አልኩ። በዚያች ሰዓት ወንድማቸውን እየቀበሩ ነበር።

እሁድ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሴቶችና የቤተ ክርስቲያናችንን አንድ ሽማግሌ ይዤ፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን በራቸውን አንኳኳን። በፒጃማ ወጡ። "ምንድነው? እሳት ተነሣ?" ደግፈን አስቀመጥናቸው። ሽማግሌው "እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ" ብለው ጀመሩ፤ እኔ በእንግሊዝኛ መለስኩት። ሴቶቹ ለማያውቁት ሰው ከልባቸው ያለቅሱ ጀመር። ጋሼ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን።

"ወንድሜ?"

"አዎ ጋሼ።"

ብድግ ብለው ካፖርታቸውን ከፒጃማው በላይ መልበስ ጀመሩ። "ሌሊት ነው? የጠዋቱ አውሮፕላን ይደርስልኛል፣ ታክሲ ጥሪልኝ፣ ቶሎ በይ!"

"ሐሙስ ነው" አልኩ።

"ቀብሩስ?"

"ትናንት።"

አንድ እጃቸው ገብቶ ሌላው ሳይገባ ቆመው ቀሩ። ሽማግሌው ምን እንደተፈጠረ ገብቷቸው ኖሮ በአማርኛ "አንቺ ልጅ፣ ምነው? ምነው?" አሉኝ።

ጋሼ ስልክ ደወሉ። የወንድማቸው ልጅ ጩኸት እኔ ከቆምኩበት ይሰማል፤ ኋላ ነው ቃሉን የነገሩኝ። መንገዱን እያየች ጠብቃቸዋለች። ቄሱን ለምና ጸሎቱን አዘግይታለች። ሲቀሩባት ሣጥኑን ጎረቤት ተሸከመው። "አባቴ ይመጣል ይመጣል እያለ ነው የሞተው። አንተ ግን ያው ነህ" ብላ ዘጋችባቸው። ስልኩን ስጡኝ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እነግራታለሁ ብዬ ለመንኳቸው። "አታምንሽም" አሉኝ። "በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።"

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላል ያገሬ ሰው። እኔ የለቀለቅሁት ግን በመሐረብ የሚጠረግ አይደለም። እግራቸው ሥር ወደቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም፤ ደንግጠው አነሡኝ።

ጓደኞቼ ሲሄዱ ቀረሁ። ገና ካፖርታቸው እንደተንጠለጠለ ነው። "ገበያ ስንሄድ ታውቂ ነበር?" አሉኝ።

"አውቅ ነበር ጋሼ።"

"ያን ሁሉ ስቀልድ?"

"አዎ።"

ይጮኹብኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር። እሳቸው ግን ዕንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ "አንቺ ክፉ ሰው አይደለሽም፣ አውቃለሁ" አሉኝ። "ግን ነገ አትምጪ። ከነገ ወዲያም አትምጪ። ፊትሽን ባየሁ ቁጥር እዚያ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀኝን የወንድሜን ልጅ ነው የማየው።"

ነጠላዬን አንሥተው አለበሱኝና፣ እንደ እንግዳ ደረጃው ድረስ ሸኙኝ።