ነቀርሳ የለብኝም

ማንአልሞሽ ከቀዶ ሕክምናው በአምስተኛው ቀን ኩባያ ከመደርደሪያ ማውረድ አቃታት። ክንዷ ከትከሻዋ አልፎ አልወጣ አለ። ቀኙን በግራዋ ደግፋ ልታነሳ ስትሞክር ደረቷ ላይ የተጠመጠመው ፋሻ ጨመደዳት። ተወችውና ሻይዋን እታች ባገኘችው የሾርባ ሳህን ጠጣች።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1986፣ የመጋቢት ወር ነበር። ሲያትል ውስጥ፣ ቼሪ ጎዳና ላይ ከአክስቷ ልጅ ከገነት ጋር ትኖራለች፤ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴልም አልጋ ታነጥፋለች። ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ጡት መያዣዋ ውስጥ ጨርቅ ስትጠቀጥቅ የኖረች ሴት ናት። ካርቱም ያገባችው ሰው እንግዳ ፊት «ወንድሜ፣ ውሃ አምጪ» እያለ ያስቅባት ነበር። እሱን እዚያው ጥላው መጣች። ሲያትል ስትገባ ግን መስተዋቱም አብሮ መጣ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነርሷ «ባልሽ ነው የፈለገው?» ብላ ስትጠይቃት፣ «ባል የለኝም። እኔ ነኝ የፈለግሁት» አለቻት።

ተጋድማ መተኛት ስለማትችል በአራት ትራስ ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች ታንቀላፋለች። ስትስቅም፣ ስታስልም ያማታል። ለስድስት ሳምንት ፍራሽ እንዳታነሳ ሐኪሙ አስጠንቅቋታል።

ዓርብ ዕለት ገነት ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ነገ የቸርች ሴቶች ሊጠይቁሽ ይመጣሉ» አለቻት።

«ምን ብለሻቸው?»

«ዕጢ ነው፣ ወጣላት አልኳቸው። ሶ፣ ምን ልበል? ሁሉም ኮል እያደረገ እኔን ነው የሚጠይቀው።»

«እውነቱን ነዋ።»

«እውነቱን ተናግሬ የት ልገባ?»

ቅዳሜ እትዬ ፋንታዬ አጥሚት በቴርሞስ ይዘው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። የሴቶች ጸሎት ኅብረት መሪ ናቸው፤ የታመመ ሳይጠይቁ፣ ያዘነ ሳያጽናኑ አይውሉም። ማንአልሞሽን ግንባሯን ስመው፣ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጭነው ጸሎት ጀመሩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ነቀርሳ ከነሥሩ ንቀልላት» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። እንባቸው የእውነት ነበር። እሱ ነው ማንአልሞሽን ያላስቻላት።

«እትዬ ፋንታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነቀርሳ የለብኝም። ዕጢም የለብኝም።»

አይናቸውን ገለጡ። «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ጡቴን አስተልቄ ነው።»

ገነት ወደ ኩሽና ገባች። እትዬ ፋንታዬ እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

«ማን አስገደደሽ?»

«ማንም።»

«እግዚአብሔር የሰጠሽ አነሰሽ?»

«አዎ፣ አነሰኝ። እርስዎም እኮ አምና ጥርስ አስተክለዋል። ማንም ነውር ነው አላለዎትም።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ አጸደ፣ ሳቋን በሳል ልትሸፍን ሞከረች። እትዬ ፋንታዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። በሩ ላይ ዘወር ብለው፣ «አጥሚቱን ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» አሉና፣ ትንሽ ቆይተው «መዘምራን ጋ ግን እንዳትቆሚ» ብለው ወጡ።

ገነት ለሁለት ቀን አላናገረቻትም። ፋሻውን የምትቀይርላት ግን እሷው ነበረች፤ አፏን ዘግታ፣ እጇን አለስልሳ።

በሦስተኛው እሑድ ማንአልሞሽ በልኳ የገዛችውን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ ቸርች ሄደች። የመዘምራኑ መሪ ገመዳ መንገዷ ላይ ቆመባት።

«እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪነጋገሩ ብትቀመጪ ጥሩ ነው።»

«ይነጋገሩ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ» አለችና ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ሄዳ ቆመች። ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ስፌቱ ይነዝራታል። የሚያስወጣት ካለ በእጁ ጎትቶ ያስወጣት ብላ፣ ሦስቱንም መዝሙር እስከ መጨረሻው ዘመረች። የነካት የለም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ አስጠሯት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሄዳ «እኔ ነኝ የፈለግሁት» የሚለውን ያንኑ መልስ ሰጠች። ከዚያ ወዲያ መጥራቱን ተዉት።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በበጋው የግራ ጡቷ እየደነደነ፣ እንደ ድንጋይ እየከበደ መጣ። ሐኪሙ ያዘዘላትን ማሸት ጠዋትና ማታ ብታደርገውም አልለሰለሰም። በድጋሚ መከፈት አለበት ተባለ።

«ሰው ቅጣት ነው እያለ ነው» አለቻት ገነት።

«ቅጣት ቢሆን ሁለቱንም ነበር።»

ገነት ሳቀች። ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። «ፈርተሻል አይደል?»

«ፈርቻለሁ። አልጸጸተኝም አልኩ እንጂ አልፈራሁም መቼ አልኩ?»

በማግሥቱ ሆቴሉ ውስጥ የፈቃድ ቅጽ ሞላች። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ ብዙዎቹ ሠራተኞች የግል ጉዳይ ብለው ያልፉታል። እሷ በተማረችው እንግሊዝኛ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያስተካከለች፣ የሆነውን እንዳለ ጻፈች። አለቃዋ አነበበችው፤ ቀና ብላ አየቻትና ፈረመችላት።