የእንግዶቹ ዳቦ

ቆሰበር ከተማ ውስጥ ድንች ነጋዴዋን ስሜነሽን የማያውቅ የለም። ቤቷ ጭቃ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ ደግሞ ተተርትሮ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ። ድንቹም እህሉም ጓዳ ውስጥ ይከመራል። ታዲያ ኮርኒሱ ላይ አይጥ ሲጋልብ ለሰማው፣ በጥር ሜዳው ላይ የሚወጡት የአገው ፈረሰኞች መንገድ ተሳስተው የገቡ ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን ራት ላይ ቀና ብላ «ቆዩ፣ መርዝ ገዝቼ ባላሳያችሁ!» ብላ ፎከረች። ጠዋት ብትነሳ ለጥምቀት ያሰፋችው ቀሚስ ደረቱ የለም።

«ሰምተውኝ ነው» አለች።

«አማርኛ ይችላሉ በያ» አላት ባሏ አድማሴ።

«በአገውኛም ሞክሬያቸው ነበር፤ እሱንም ይሰማሉ።»

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አይጥ በስሙ አይጠራም። «እንግዶቹ» ነው የሚባለው። «እንግዶቹ ሽሮውን ጎበኙት»፣ «እንግዶቹ ወለዱ» ይባላል። ልጃቸው ቤዛዊት ያደገችው በዚሁ ቋንቋ ነው።

ባለፈው ጥር ስሜነሽ ምርር ሲላት ድምጿን አጥፍታ መርዝ ገዛች። ለባሏም አልነገረችም፤ ኮርኒሱ ይሰማላ። ዳቦ ቆርሳ፣ መርዙን ውስጡ ወሽቃ፣ ቅቤ ቀባችና ለማታ ብላ ጓዳ መደርደሪያው ላይ ከድና ገበያ ወጣች። ከአድማሴ ሌላ እቤት የነበረችው እህቱ፣ ሸጋ የምትባለው ናት። ከዘንገና ለጥየቃ ከመጣች ገና ማደሯ ነው፤ የቤቱን ቋንቋ ማን ነግሯት።

ስሜነሽ ከገበያ ደወለችላት። «ሸግዬ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዳቦ የእንግዶቹ ነውና እንዳትቀምሽው።»

«ኧረ እኔ ምን ቆርጦኝ» አለች ሸጋ።

እንግዶቹም መጣን።

ሦስት ነን። የእህቴ ልጅ ፀጋው፣ ዳንግላ ጋሪ የሚነዳው፣ ቤዛዊትን ካላገባሁ ብሎ አላስቀምጥ ስላለን ሽማግሌ ሆነን ነው። ዋናው ተናጋሪያችን አያ ይኸነው ናቸው። አድማሴ አስገባን፤ ሸጋ ዳቦውን ይዛ መጣች። ቅቤው ያብለጨልጫል። እኔ ደግሞ ቁርስ አልበላሁም።

«መልሳችንን ሳንሰማ እህል አንቀምስም» አሉ አያ ይኸነው። ወጉ ነው። ወጉን ያወጣው ሰው ቁርሱን በልቶ መሆን አለበት።

አድማሴ ለሚስቱ ደወለ። «እንግዶች መጥተዋል።»

«በጠራራ ፀሐይ? ስንት ናቸው?» አለችው፤ በኋላ ነው የነገሩኝ።

«ሦስት። ሸጋ ዳቦውን አቅርባላቸዋለች።»

«ይብሉ፣ ይጥገቡ። አንድም እንዳይተርፍ።»

«እሱማ ምን ገዶኝ። አያ ይኸነው መልስ ሳንሰማ አንቀምስም ብለው ነው እንጂ።»

እዚህ ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። ስሜነሽ ድንቿን ሜዳ ላይ ትታ ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባች።

እኛ ምን እናውቃለን። አያ ይኸነው ጉዳዩን አስረዱ። አድማሴም ጥቂት ካቅማማ በኋላ «ልጅቱ እንደምትወደው አውቃለሁ። እናቷም እምቢ የምትል አይመስለኝም። በሉ ቅመሱ» አለ።

እጄን ሰደድኩ። አያ ይኸነው በዓይናቸው መለሱኝና ዳቦውን አንስተው መመረቅ ጀመሩ። የሳቸው ምርቃት ደግሞ አጭር አይደለም። ለሙሽሮቹ፣ ለከብቱ፣ ለዝናቡ፣ ለአገሩ፤ ወደ ጎረቤት አገር ሲሻገሩ በሆዴ ሰደብኳቸው። ይቅር ይበሉኝ። ገና «አሜን» ስንል በሩ ብርግድ አለ።

«አይሆንም!» አለች ስሜነሽ።

አያ ይኸነው ክው አሉ። «ምነው ልጄ፣ ልጁ ምን ነውር ተገኘበት?»

«የምን ልጅ? ዳቦውን ነው! አስቀምጡት!»

«ዳቦው ምን ሆነ?»

«የእንግዶቹ ነው።»

«እኛስ ማን ነን?»

ስሜነሽ ኮርኒሱን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ወደ አያ ይኸነው ጆሮ ተጠግታ፣ በሹክሹክታ፣ «የአይጥ» አለች።

አያ ይኸነው ዳቦውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ማንም አልቀመሰም። ሸጋ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ስሜነሽ ደግሞ በየተራ አፋችንን እያየች «ተመስገን» ትላለች። ዳቦው ራቅ ብሎ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ተቀበረ። እጃችንን በሳሙና ታጥበን እንጀራ ቀረበልን። ይኼኛውን ስሜነሽ ራሷ ቀድማ ቀመሰችልን።

ቤዛዊትና ፀጋው ተጋቡ። ከጥሎሹ ጋር ዳንግላ ላይ ተፈልጋ አንዲት ዝንጉርጉር ድመት መጣች፤ ኮርኒሱም ዝም አለ። መርዝ ዳግመኛ እዚያ ቤት አልገባም።

አሁን ስሄድ ከበሩ ላይ «እንግዳ መጣ» ይላሉ። ድመቷ ጆሮዋን ቀስራ ታየኛለች።