ለአብዱልፈታሕ የተተከለ አጥር

አብዱልፈታሕ ከድሬዳዋ መጥቶ በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ለብዙ ዓመታት ጨርቅ የሸጠ ሰው ነበር። ነጭ ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት አይወጣም፤ ሳቁ ከሱቁ አልፎ እስከ ቅመም ሻጮቹ ድረስ ይሰማ ነበር። በፈረንጆቹ 2005 አንድ ጠዋት ጨርቅ እየለካ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፤ አፉም ተጣሞ ነበር።

ሚስቱ ጀዋሪያ ሱቁን ዘጋች። ልጅ አልወለዱም፤ እሱን ማጠብ፣ ማጉረስና ማገላበጥ የእሷ ብቻ ሥራ ሆነ። ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው አንድ ክፍልና ጠባብ ግቢ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ መተንፈስ ያቅታል። ያን ጊዜ ሰው የሚተርፈው ግቢ ወጥቶ ነው።

ግን የጎረቤቱ ባለንብረት ፎቅ ሲሠራ የጋራውን ግንብ አፍርሶ በቦታው ሽቦ ብቻ ዘርግቶ ነበር። ወደ ፎቁ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ በሽቦው አጠገብ ያልፋል። አብዱልፈታሕ ከወደቀ በኋላ መጀመሪያ ግቢ የወጣ ቀን፣ ጀዋሪያ ከአገጩ የሚንጠባጠበውን ሾርባ ስትጠርግለት የድሮ ደንበኛው በዚያ በኩል መጣ። ሰውዬው አያቸው፤ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

«አስገቢኝ» አለ አብዱልፈታሕ። «ከእንግዲህ ከዚህ በር የሚወጣው ሬሳዬ ነው።»

ጀዋሪያ ከሰው ዓይን ልትጋርደው ፈለገች፤ ባለንብረቱ ግን ግንብም ቆርቆሮም ከለከለ፤ መተላለፊያው አየር ያጣል አለ። የሰቀለችውን ሰሌን ነፋስ ቀዳደደው። ጀዋሪያ የሐረር ግቢዎችን የጽድ አጥር አስታውሳ በባቡር ችግኝ አስመጣች። ጽዱ ሙቀቱን አልቻለም፤ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ከከተማው ዳር አትክልት ወደሚለማበት አምቡሊ ወርዳ ከአንድ አትክልተኛ ቅጠሉን የማያረግፍ፣ ጥላ የሚችል ቁጥቋጦ አገኘች።

ፎቁ ቀኑን ሙሉ ግቢው ላይ ያጠላል። እንዳይደርቅባት ብላ አብዝታ ስታጠጣው አፈሩ ውሃ አቁሮ ሥሩ በሰበሰ። ውሃ ስትቀንስ ደግሞ የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ነውና አፈሩ ላይ የቀረው ጨው የቅጠሉን ጠርዝ አቃጠለው። የሞተውን ነቅላ ሌላ ተከለች። የተረፈው ብርሃን ፍለጋ እንደ ሸምበቆ ተመዘዘ፤ ከሥር ባዶ፣ ከላይ ጥቂት ቅጠል። ከታች እንዲያቆጠቁጥ አናቱን መቁረጥ ነበረባት። በስንት ልፋት ያደገውን በራሷ መቀስ አሳጠረችው።

አንድ ነገር ብቻ አጽናናት፤ ከፎቁ አየር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚንጠባጠብባቸው ጥቂት ችግኞች ለምልመው ነበር። ያ ውሃ ጨው የለውም። ባልዲ ደቅና ታጠራቅመው ጀመር።

እሱ ግን በክፍሉ ውስጥ እየከሳ ነበር። ጀርባው ቆሰለ።

«አብዱል፣ በአላህ፣ አንድ ጊዜ እንውጣ።»

«አጥርሽ ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«እንግዲያው ተይኝ።»

በ2008 ነሐሴ ላይ መብራት ለቀናት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፤ ከላይ የሚንጠባጠበውም ውሃ ቀረ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እየተንጠለጠለ ሳለ አንድ ቀን ቀትር ላይ አብዱልፈታሕ ስትጠራው መመለስ አቆመ። ጀዋሪያ ፍራሹን ይዛ እየጎተተች ግቢ አወጣችው። ፊቱ ላይ ውሃ አፈሰሰች። ዓይኑን ሲገልጥ መተላለፊያው ውስጥ ሰዎች ቆመው ያያሉ።

«ሸፍኚኝ» አለ።

ሻርፗን ከራሷ አውልቃ በሁለት እጇ ዘረጋችውና በሽቦውና በእሱ መካከል ቆመች። ፀጉሯ ተገልጦ፣ ክንዷ እየዛለ፣ «ሂዱልኝ! ምን ታያላችሁ!» ብላ ጮኸች። ሰዎቹ ሲበተኑ ሐዲጃ የምትባል የፎቁ ነዋሪ ወደ ግቢው ገባች። አማርኛ ከድሬዳዋ ነጋዴዎች የለመደች የአገሩ ሴት ናት። የሻርፑን አንድ ጫፍ ያዘች።

«ልቀቂ፣ እህቴ። ይሄን እኔ ይዣለሁ።»

ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ እየተፈራረቁ ያዙት። ከሻርፑ ኋላ አብዱልፈታሕ ድምፁን ዋጥ አድርጎ ሲያለቅስ ይሰማቸው ነበር።

መብራት ሲመለስ ሐዲጃ የማቀዝቀዣዋን ውሃ በጎማ ቱቦ ወደ ችግኞቹ አወረደችላት። የተራቆቱት ዳግም አቆጠቆጡ፤ በሁለተኛው ዓመት አጥሩ ከሥሩ እስከ ሰው ቁመት ሞላ። አብዱልፈታሕ በየምሽቱ ከኋላው ይቀመጥ ጀመር። ማንም አያየውም። እግር ሲያልፍ፣ ሰው ሲሳሳቅ ይሰማል። አንድ ቀን በግራ እጁ አጥሩን አሳይቶ፣

«እዚህ ጋ ክፈቺልኝ» አላት። «ሰው ልይ።»

ጀዋሪያ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ለዚህ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት?» ብላ ጥላው ገባች።  ከቀናት በኋላ መቀሱን አምጥታ በፊቱ ልክ ቀዳዳ ቆረጠችለት።

አብዱልፈታሕ በ2011 ሞተ። የቆረጠችው ቦታ ብርሃን ስለማይደርሰው ዳግም ቅጠል አላወጣም።