የጌትነት ቁርጭምጭሚት

ለነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናግሬያለሁ። ጾም መሻሬን፣ የወንድሜን ድንበር መግፋቴን፣ ጠጥቼ ሚስቴን መሳደቤን። ይህን ግን አልተናገርኩም። ሚስቴም ሳታውቀው አፈር ገባች። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ወጌሻ ነኝ፣ እዚህ መንዝ። አባቴም ወጌሻ ነበር፣ አባቱም። አባቴ እጁን ሲያወርሰኝ አንድ ነገር አስምሎኛል፤ «ያስቀየመህን ሰው አጥንት አትንካ። እጅ ቂም ያውቃል። ወደ ሌላ ወጌሻ ስደደው።» በቤታችን ሕጉ ይህ ነው። አባቴ አንዴ የተጣላው ጎረቤቱ እጁ የተሰበረ ልጁን ይዞ ቢመጣበት፣ ልጁን በራሱ ፈረስ ጭኖ ሞላሌ ድረስ ወስዶ ለሌላ ወጌሻ አስረክቦታል። አይቻለሁ። ከኋላ ተከትዬ ሄጃለሁ።

ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ከተማችን ኮሌጅ ተከፈተላትና የእግር ኳስ ቡድኑ ወጌሻ ሁን ተባልኩ። ልጄ አስናቀ እዚያው ይማር ነበር፤ በቀኝ ክንፍ ይጫወታል። ፈጣን ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም። ትጉህ ነበር እንጂ።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ጌትነት የሚባል ልጅ ከመርሐቤቴ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብርዳችን ከንፈሩን የሰነጠቀው የቆላ ልጅ። በመጀመሪያው ልምምድ ከሩቅ የተለጋችውን ኳስ ዘሎ በደረቱ አወረዳትና መሬት ሳትነካ ይዟት ሮጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማው ሌላ ወሬ አጣ። ውድድሩ ገና አንድ ወር ይቀረዋል፣ ልጁ አንድ ግጥሚያ አልተጫወተም፤ ፀጉር አስተካካዩ «ዘንድሮ ዋንጫው ከእኛ አያልፍም» ይላል፤ በጠላ ሻጯ ቤት «ፍየሉን አያችሁት? ገደል ለምዶ እኮ ነው እንዲህ የሚዘል!» ይባላል። ገበያ ስወጣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ያስቆመኛል፤ «አባባ፣ አደራ፣ የዚያን ልጅ እግር እንደ ዓይንዎ ይጠብቁ!»

የእኔን ልጅ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። አስናቀ ተጠባባቂ ሆነ። ማታ እራት ላይ እንጀራውን ይቆርሳል እንጂ አይጎርስም። እኔም ያልጎረሰውን ቁራሽ እያየሁ እነሳለሁ። በዚያ ማዕድ ላይ ነው ቂም የቋጠርኩት። ታዲያ ጌትነት ምን በደለኝ? ምንም። ሲያየኝ ከሩቅ ጎንበስ ይላል፣ የመድኃኒት ሻንጣዬን ከእጄ ይቀበለኛል። ይህ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር።

ውድድሩ ሊጀመር አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ጌትነት በልምምድ ላይ ከዝላይ ሲወርድ ድንጋይ ረገጠ። ሜዳችን ድንጋያም ነው። በአንድ እግሩ እያነከሰ ቤቴ መጣ። እግሩን ጭኔ ላይ አሳረፈ። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብላ በውጭ በኩል ያለችውን ቀጭን አጥንት በአውራ ጣቴ ዳሰስኳት። ቅርርር አለች። ተሰንጥቃለች። ሸምበቆ ሰንጥቄ ማሰር፣ አርባ ቀን ማስተኛት ነበረብኝ። ቂም ከያዝኩ ደግሞ ሞላሌ መስደድ ነበረብኝ። ሁለቱንም አውቃለሁ። አለማወቅ የሚባለውን መሸሸጊያ ማንም እንዳይሰጠኝ። አውቄያለሁ።

«ወለምታ ነው» አልኩት።

«ጤና ጣቢያ ልሂድ እንዴ አባባ? በጣም ነው የሚያመኝ።»

«ሂድ፤ ጀሶ ያድርጉልህና ማሊያውን ለሌላ ስጥ። ወለምታ እኮ ነው ልጄ፤ ወንድ አይደለህም?»

ልጄ አልኩት። በዚያ አፌ።

አልሄደም። ማሊያውን ማን ይሰጣል? ቅቤ አሙቄ አሸሁት። ወለምታ እንደሚታሸው ሳይሆን፣ ስንጥቋ እንድትሰፋ አድርጌ፣ ጣቴን እላይዋ አሳርፌ። የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር። በማግስቱ መጣ፤ አሸሁት። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ አሸሁት። በየቀኑ በራሱ እግር እየመጣ ይቀመጥልኝ ነበር፤ እኔም በየቀኑ አሸው ነበር። ስጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ይለኛል።

አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠርቶ «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ልጁ ይችላል?» ሲለኝ «ምንም አልሆነም፤ ወሬው ስለበዛበት ፈርቶ ነው» አልኩት። ይህን ያልኩት ተማሪዎች በሚሰሙበት ነው። እኔ ነኝ የዘራሁት። ከዚያ በኋላ ጌትነት እያነከሰ ባለፈ ቁጥር «ፍየሉ ሜዳ ሲያይ አንካሳ ሆነ!» ይሉት ጀመር። ያ ሁሉ ውዳሴ በአንድ ሳምንት ተገለበጠ። አንድ ቀን ከምግብ ቤቱ በር ላይ «ብኤኤኤ!» ብለው ሲስቁበት አይቻለሁ። አቀርቅሮ አለፈ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን ዛሬ ድረስ ፊቴ ላይ አውቀዋለሁ።

የግጥሚያው ቀን ገባ። ሩብ ሰዓት ያህል በዚያ እግሩ ሮጠ፤ እንዴት እንደሮጠ እግዜር ይወቅ። ኳሷ ከሩቅ መጣችለት። ዘለለ፣ በደረቱ አወረዳት። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ነበር። ሲወርድ እግሩ አልያዘውም፤ ተጣጥፎ ወደ ጎን ዞረ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ሮጬ ስደርስ እጄን አጥብቆ ያዘና «አባባ፣ እርስዎ አሉልኝ» አለኝ። በአይሱዙ ጭነው ወሰዱት።

በእሱ ፈንታ አስናቀ ገባ። አጨበጨብኩለት። አዎ፣ እጄ ላይ የጌትነት ደም ሳይደርቅ አጨበጨብኩ። ማታ ልጄ እንጀራውን ጎረሰ፤ «አባዬ፣ አየኸኝ?» አለኝ። አየሁህ አልኩት።

ጌትነት ትምህርቱን ተወ። ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ አጥሮ ነበር፤ አባቱ በበቅሎ አድርጎ ወደ አገሩ መለሰው። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ማን ይጠይቀኛል? ገራገር ሽማግሌ ነኝ፤ ሁሉም እንደዚያ ይለኛል።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል አንድ ጎልማሳ እያነከሰ ደጄ ደረሰ፤ ክንዷ የተሰበረ ትንሽ ልጅ ይዞ። ከመርሐቤቴ እስከ መንዝ፣ ያን ሁሉ አቀበት፣ በዚያ እግሩ። «አትፍሪ» ይላታል፤ «እኝህ እኔን ያሹኝ አባባ ናቸው፤ እጃቸው ባለ በረከት ነው።»

ክንዷን አሰርኩላት። ደህና አድርጌ አሰርኩ፤ እስካሁን ድናለች ብዬ አምናለሁ። ይህን የምናገረው በሚዛን ላይ እንዲቀመጥልኝ አይደለም። የልጅቱ ክንድ የአባቷን እግር አይከፍልም።

ሲሰናበተኝ ደፍ ላይ ቆሞ፣ እያፈረ፣ «አባባ፣ ያኔ ቸኩዬ እኔው ነኝ ያበላሸሁት፤ አይደል?» አለኝ። ይህን ሊጠይቀኝ ስንት ዓመት አስቦ ይሆን? በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ምን አልኩት መሰላችሁ?

«ልጅነት ነው ልጄ» አልኩት።

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፣ ልጁን አቅፎ ቁልቁለቱን ወረደ። አላቆምኩትም።

እንግዲህ ማሩኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ቅናት ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ለልጄ ሳስቼ ነው አልልም። እጁ የእኔ ነበር። ይህን ጽሑፍ ከመርሐቤቴ በኩል የሆነ ሰው ካነበበው፣ የሚያነክስ ጌትነት የሚባል ሰው ካወቀ፣ እንዲህ ብሎ ይንገርልኝ፦ አንተ አልቸኮልክም። ተሰብረህ ነበር የመጣህልኝ፤ እኔም አውቄ ነበር።